የስልክ ካርታ ለአስፋልትና ለኮረኮንች፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ጉዞ ካርታ መተግበሪያዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠን እናስተናግዳለን። የተመሳሳይ ጥያቄ ባለቤቶች መልሳቸውን ከእነዚሁ ውስጥ እንደሚያገኙ ተስፋ እናደርጋለን።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በሁለት ላንድክሩዘር ከአዲስ አበባ ተነሥተን በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ወደ ጂንካ፣ ከዚያም ወደ ማጎ ፓርክና ወደ ቱርሚ ለመጓዝ እየተዘጋጀን ነው። አንዳችን ጎግል ማፕስ ይበቃል ይላል፤ ሌሎቻችን ደግሞ ኦስምአንድ፣ ኦርጋኒክ ማፕስና ማፕስ ሚ የተባሉትን ጭነናል። የቱን አምነን እንሂድ? ኔትወርክ በሌለበት ቦታስ የስልኩ ጂፒኤስ ይሠራል?
*ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄ ብንጀምር ይቀላል። በስልክዎ ውስጥ ያለው ጂፒኤስ የሳተላይቶችን ምልክት የሚቀበል እንጂ የሚልከው ነገር የሌለ መሣሪያ ስለሆነ ሲም ካርድ ባይኖርም፣ ዳታ ቢጠፋም ይሠራል። ኔትወርክ የሚጠቅመው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሳተላይቶቹ በዚያች ሰዓት የት እንዳሉ ከኢንተርኔት ፈጥኖ ያመጣለታል። ያ እርዳታ ከሌለ ስልኩ መረጃውን ከሳተላይቶቹ ከራሳቸው ቀስ በቀስ መቀበል ይኖርበታል፤ ሁሉም ሳተላይቶች የሚገኙበት ሙሉ ሰሌዳ ተላልፎ እስኪያልቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ መተግበሪያውን ኔትወርክ ባለበት ከተማ ከፍታችሁ ቦታችሁን ካሳያችሁ በኋላ ተነሡ እንጂ ጫካ ከገባችሁ በኋላ አትክፈቱት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ እናንተ አራት መተግበሪያ ጫንን ብትሉም በእጃችሁ ያለው ሁለት ካርታ ብቻ ነው። ኦስምአንድ፣ ኦርጋኒክ ማፕስና ማፕስ ሚ መልካቸው ይለያይ እንጂ መንገዱን የሚወስዱት በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከተጀመረውና በበጎ ፈቃደኞች ከሚሠራው ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «በዚህ በኩል መንገድ አለ» ቢሏችሁ፣ አንድ ምስክር ሦስት ጊዜ እንደ ተናገረ እንጂ ሦስት ምስክር እንደ መጣ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ጎግል የራሱን መረጃ ስለሚጠቀም ከእነርሱ የተለየ ነው። እንግዲህ ከጎግል ጋር ከሦስቱ አንዱን መርጣችሁ ያዙ፤ ሁለቱ የሚስማሙበትን መንገድ በአንጻራዊ እምነት ተጓዙበት፤ በሚለያዩበት ቦታ ደግሞ ቆም ብላችሁ ሰው ጠይቁ።

በሦስቱ መካከል ለምትመርጡት የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ኦስምአንድ ከሁሉም የበለጠ ዝርዝር ይይዛል፤ ነገር ግን ማውጫው የተጨናነቀ በመሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በአንድሮይድ ላይ ያለው ነጻው ዓይነት የሚፈቅደውም የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን የካርታ ፋይሎች ማውረድ ብቻ ነው፤ ለአንድ አገር ጉዞ ግን ይበቃል። ኦርጋኒክ ማፕስ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ማስታወቂያም የለውም። በ2021 እ.ኤ.አ. ከማፕስ ሚ ተለይቶ የወጣው የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች በተሳተፉበት ሥራ ነው። ማፕስ ሚ በበኩሉ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቷል፤ ኦርጋኒክ እያለ እርሱን የምትይዙበት ምክንያት አይታየኝም። በአንዱ መኪና ውስጥ ኦስምአንድን በደንብ የሚያውቅ ሰው ካለ እርሱን፣ ከሌለ ኦርጋኒክን ምረጡ።

ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ ባለው የአስፋልት ጉዞ ጎግል ያገለግላችኋል፤ ሁለት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ካርታውን አስቀድማችሁ ማውረድ ነው። የወረደው ካርታ ያለ ኔትወርክ ለመኪና መንገድ ይመራል፤ የትራፊክ ሁኔታንና አማራጭ መንገዶችን ግን አያሳይም፤ ካልታደሰም ጊዜው ያልፍበታል። ሁለተኛው የሚነግራችሁን ሰዓት አለማመን ነው። ስሌቱ በመንገዱ ላይ የሚነዱ ከብቶችን፣ በየከተማው መግቢያ የተደረደሩ ጉብታዎችን፣ ባጃጆችንና የገበያ ቀን ሕዝብን በወጉ አያስገባም። ከአዲስ አበባ ስትወጡም ቢሆን የኮሪደር ልማቱ የአንዳንድ መንገዶችን አቅጣጫና መዞሪያ ስለቀየረ ካርታው ወደ ተዘጋ መታጠፊያ ሊመራችሁ ይችላልና፣ በከተማ ውስጥ ከስክሪኑ ይልቅ የመንገድ ምልክቱን ተከተሉ።

ከጂንካ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ከሚታዩት የገጠር መንገዶች ብዙዎቹ በቦታው ተገኝቶ በማያውቅ በጎ ፈቃደኛ ከሳተላይት ፎቶ ላይ የተሳሉ ናቸው። ይህ ሥራ ለእርዳታ ሠራተኞችና ለመንገደኞች ትልቅ ጥቅም መስጠቱ አይካድም፤ ሆኖም ከላይ ሲታይ የእግር መንገድና የመኪና መንገድ ይመሳሰላሉ። እንደ ደቡብ ኦሞ ባለ ደረቅ አገር ደግሞ አሸዋማ የበጋ ወንዝ ራሱ ነጭ መንገድ መስሎ ይታያል። ጎግልም ቢሆን ከዚህ ዓይነቱ ስሕተት ነጻ አይደለም። ስለዚህ በኦስምአንድ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የመንገዱን ንጣፍ የሚያሳየውን ምርጫ አብሩ፤ አስፋልቱን፣ ጠጠሩንና አፈሩን በተለያየ ቀለም ይለይላችኋል። ስለ ንጣፉም ሆነ ስለ ደረጃው ምንም መረጃ ያልተጻፈበትን መንገድ ማንም ሄዶ እንዳላየው ቁጠሩት። መረጃ ያለው መንገድ ቢያንስ አንድ ሰው ትኩር ብሎ ተመልክቶታል። የከፍታ መስመሮቹንም ጨምሩ፤ መስመሮቹ በተጠጋጉ መጠን ዳገቱ ስለሚከብድ፣ ተጠጋግተው ባሉበት ቦታ የተሳለ ቀጥ ያለ መንገድ የመኪና ላይሆን ይችላል።

ማንኛውም መተግበሪያ የማይነግራችሁ ዋና ነገር ወቅቱ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ክረምት ሲል ሐምሌንና ነሐሴን ያስባል፤ በደቡብ ኦሞ ግን ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜም ሌላ ዝናብ አለ። ከጂንካ ወደ ማጎ የሚወርደው መንገድ ዋልካ አፈር ያለበት ስለሆነ በበጋ እንደ አስፋልት የሚያስነዳው ቦታ አንድ ጥሩ ዝናብ ከጣለበት በኋላ ፎር ባይ ፎሩንም ይይዘዋል። በቱርሚ አካባቢ ያሉት አሸዋማ ወንዞችም ከላይ በደጋው ከዘነበ በእናንተ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በድንገት ሊሞሉ ይችላሉ። ካርታው ላይ ያለችው መስመር በየካቲትም በሚያዝያም አንድ ዓይነት ናት። ስለሆነም ጂንካ ስትደርሱ በዚያው ቀን ከማጎ ወይም ከቱርሚ የተመለሰ የጭነት ወይም የአስጎብኚ መኪና ሹፌር ፈልጋችሁ አነጋግሩ፤ መንገዱ በጸጥታ ወይም በሌላ ምክንያት ተዘግቶ እንደሆነም የምትሰሙት ከእርሱ ነው።

ከጂንካ ስትነሡ የሄዳችሁበትን መንገድ መዝግቡ፤ ኦስምአንድም ሆነ ኦርጋኒክ ይህን ይሠራሉ። የተመዘገበው መስመር ከየትኛውም ካርታ የበለጠ ታማኝ ነው፤ መኪናችሁ ራሱ አልፎበታልና። መንገዱ በተሰወረ ወይም በመሸ ጊዜ ያንኑ ተከትላችሁ ትመለሳላችሁ። መስመሩ የሚቀመጠው ጂፒኤክስ በሚባል የፋይል ዓይነት ስለሆነ ለሁለተኛው መኪናም በብሉቱዝ ማስተላለፍ ይቻላል። ካርታውን በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፤ በእያንዳንዱ መኪና ቢያንስ በሁለት ስልክ ላይ ይኑር። ስልኩን በመስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ድረስ ነው፤ የኦሞ ሸለቆ ቀትር ደግሞ ያንን በቀላሉ ያልፋል። የአየር ማቀዝቀዣው በሚነፍስበት ቀዳዳ ላይ ቢሰካ ይሻላል።

ገንዘብ ለማውጣት ፈቃደኛ ከሆናችሁ ትራክስ ፎር አፍሪካ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ካርታ ሦስተኛ ምንጭ ሊሆናችሁ ይችላል፤ መሠረቱ መንገደኞች በመኪናቸው እየሄዱ የመዘገቡት የጂፒኤስ መስመር በመሆኑ ከሳተላይት ፎቶ የተለየ ዓይነት ማስረጃ ነው። ለአንድ ሳምንት ጉዞ ግን ግድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ። በእጄ ላይ የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች አሉ። ከእነርሱ ላይ ያነበብሁትን የአንድ ድልድይ ነጥብ በስልኬ ካርታ ላይ ሳስገባ ነጥቡ ከድልድዩ ርቆ ሜዳ ላይ ያርፋል። ስሕተቱ የካርታው ነው ወይስ የስልኩ?
*ከባሕር ዳር*

መልስ፦ እርስዎ ከሙያው ስለሆኑ መልሱን ሳይጠረጥሩት አይቀሩም፤ ጥያቄዎ ግን ለብዙ ሰው ስለሚጠቅም ዘርዘር አድርገን እናስቀምጠዋለን። ካርታውም ስልኩም አልተሳሳቱም፤ የሚነሡበት መነሻ ይለያያል። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ላይ ነው፤ ስያሜው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ነጥብ የመጣ ሲሆን፣ የምድርን ቅርጽ የሚወስደውም በ1880 እ.ኤ.አ. ክላርክ ባወጣው ስሌት መሠረት ነው። ስልክዎ ያለው ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን መነሻ ነው። በአገራችን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚያመለክተው የዩቲኤም መረብ ላይ ሲለካ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 100 ሜትር የሚጠጋ ነው። ድልድይዎ የሸሸው ይህን ያህል ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል ማለት ነው።

አብዛኞቹ የስልክ መተግበሪያዎች የሚገባላቸውን ነጥብ ሁሉ በደብልዩ ጂ ኤስ 84 እንደ ተነበበ ስለሚወስዱት ነጥቡን አስቀድሞ መለወጥ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ካለዎት ኪው ጂ አይ ኤስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ይሠራል፤ በምርጫው ውስጥ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜንን፣ ማለትም በመለያ ቁጥሩ ኢፒኤስጂ 20137ን ይፈልጉ። ከዚያ ነጥቦቹን በጂፒኤክስ ወይም በኬኤምኤል ፋይል አድርገው ወደ ስልክዎ ያስተላልፉ። ዞኑን ማየትም አይርሱ፤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ በ37ኛው ዞን ይውደቁ እንጂ ጋምቤላ በ36ኛው፣ ጅግጅጋ ደግሞ በ38ኛው ውስጥ ናቸው።

እግረ መንገዳችንን፣ ከዚህ የሚበልጥ ስሕተት የሚሠሩት ቀያሾች ያልሆኑት ናቸው። 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃን 9.30 ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፤ በዲግሪ አሥርዮሽ ግን ትክክለኛው 9.5 ነው። በዚህች ነጥብ የተነሣ መኪናው 22 ኪሎሜትር ርቆ ይሄዳል። ነጥብ ለሰው በስልክ ሲነግሩ በየትኛው አጻጻፍ እንደሆነ አብረው ይናገሩ።

የያዟቸውን ካርታዎች አይጣሉ። መንገዶቻቸው አርጅተዋል፤ ገደሉ፣ የወንዙ አካሄድና የምንጩ ቦታ ግን አላረጁም፤ በተለይ የከፍታ መስመሮቻቸው በሰው እጅ ተመርምረው የተሠሩ ናቸው። ካርታውን በስካነር አንሥተው፣ ከመረቡ ጋር አስተካክለው እንደ ተጨማሪ ንብርብር በኦስምአንድ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ እርስዎ ደግሞ ይህን ከማንም በተሻለ ይሠሩታል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ተራራ ላይ ስነዳ ኦን ኤክስ ኦፍሮድንና ጋያ ጂፒኤስን በክፍያ እጠቀማለሁ፤ ሁለቱም በጣም ጥሩ ናቸው። በመጪው ጥር ከወንድሜ ጋር ወደ ባሌ፣ በሰነቴ አምባ በኩል እስከ ደሎ መና ለመንዳት አስበናል። እነዚሁን ይዤ ብመጣ ያገለግሉኛል?
*ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ እዚያ ጥሩ የሆኑት መተግበሪያዎቹ ብቻቸውን አይደሉም፤ ከሥራቸው ያለው የመንግሥት መረጃ ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት በእያንዳንዱ ብሔራዊ ደን ውስጥ ለየትኛው ተሽከርካሪ፣ በየትኛው ወቅት፣ የትኛው መንገድ እንደሚፈቀድ በካርታ ያወጣል፤ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋሙም የመሬት ገጽታ ካርታዎቹን በነጻ ይሰጣል። ኦን ኤክስ ያንን በሚያምር መልክ አቅርቦ ነው የሚሸጥልዎት። በባሌ ያ ዓይነት መረጃ ስለሌለ የሚከፍሉለት ነገር እዚህ ሲደርስ ባዶ ይሆናል። ጋያ ይሻላል፤ መሠረታዊው ካርታው ከኦፕን ስትሪት ማፕ የሚወሰድ በመሆኑ በየትም አገር ይሠራል። እንደዚያ ከሆነ ግን ያንኑ መረጃ በኦርጋኒክ ማፕስ በነጻ ያገኙታል። ክፍያውን ለዚህ ጉዞ ሲሉ አያድሱት።

በጎባ በኩል ወደ ሰነቴ የሚወጣው መንገድ ግልጽ ነው፤ የሚያሳስት ብዙ መገንጠያ የለውም። ካርታው የሚያስፈልግዎት ወደ 4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ በሚወጣው መገንጠያና በሐረና ደን ውስጥ ነው፤ በደኑ ጉምና ጭቃ ስላለ ከተቀመጠው ሰዓት እጥፍ አድርገው ያስቡ። አምባው ላይ ቅዝቃዜው የስልክ ባትሪ ስለሚጨርስ ከመኪናው የሚሞላ ገመድ ይኑርዎት።

ካርታዎቹን በሙሉ ከመነሣትዎ በፊት በቤትዎ ዋይፋይ ያውርዱ። ስልክዎ በኩባንያው የተቆለፈ እንዳይሆን አስቀድመው ያስከፍቱት፤ አለበለዚያ የኢትዮ ቴሌኮምንም ሆነ የሳፋሪኮምን ሲም አይቀበልም። የመተግበሪያውን መለኪያ ከማይል ወደ ኪሎሜትር መቀየርም እንዳይረሱ፤ ወንድምዎ 60 ሲል እርስዎ 60 ማይል እንዳይመስልዎት። የቦታ ስም ሲፈልጉ በላቲን ፊደል አንዱ አጻጻፍ ካላገኘልዎት በአማርኛ ይሞክሩ፤ ብዙ ከተሞች በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ በሁለቱም ፊደል ተመዝግበዋል።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የገዛሁት የኤሌክትሪክ መኪና ለቻይና ገበያ የተሠራ በመሆኑ የስክሪኑ ካርታ በቻይንኛ ነው፤ የሚያሳየውም የቻይናን መንገድ ነው። በየጊዜው ወደ ሐዋሳ እመላለሳለሁ። በስክሪኑ ላይ የእኛን ካርታ ማስገባት ይቻል ይሆን? ካልተቻለስ ምን ልጠቀም?
*ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ መኪናው ከአፕል ካርፕሌይ ወይም ከአንድሮይድ አውቶ ጋር የሚሠራ ከሆነ ስልክዎን በገመድ አገናኝተው የጎግልን ወይም የኦርጋኒክን ካርታ በስክሪኑ ላይ ማየት ይችላሉ። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ግን ይህ የላቸውም። በየጋራዡ የመኪናውን ሶፍትዌር እንከፍታለን የሚሉ ሰዎች ቢያጋጥሙዎትም፣ ስክሪኑ የባትሪውንና የማቀዝቀዣውን መቆጣጠሪያ ጭምር የያዘ ስለሆነ ለአንድ ካርታ ሲባል ዋስትናን ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም ባይ ነኝ። ጠንካራ የስልክ መያዣ ገዝተው በስልክዎ ይጠቀሙ፤ ወጪው ትንሽ ነው፤ ካርታውም በየጊዜው ይታደሳል።

ለኤሌክትሪክ መኪና ከርቀቱ እኩል የሚያስፈልግዎት ከፍታው ነው። ወደ ሐዋሳ ሲሄዱ በጠቅላላው ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ግን 600 ሜትር ያህል ይወጣሉ። ክብደቱ 2 ቶን የሆነ መኪና 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ኃይል ይፈልጋል፤ ስለዚህ በመልስ ጉዞ ሽቅቡ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ይህም በሜዳ ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎሜትር የሚያስኬድ ነው። ኦስምአንድ መንገድ ሲያወጣ የከፍታውን መውጫና መውረጃ በሥዕል ስለሚያሳይ ለዚህ ሥራ ከጎግል ይሻላል። በቁልቁለቱ ላይ መኪናው የተወሰነውን ኃይል መልሶ ይሰበስባል፤ ያወጡትን ሁሉ ግን አይመልስልዎትም።

የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎችን በተመለከተ የትኛውንም ካርታ በጭፍን አይመኑ፤ ጣቢያዎቹ በፍጥነት እየተከፈቱ ስለሆነ የተከፈተው ሳይመዘገብ፣ የተመዘገበውም መብራት ጠፍቶበት ወይም ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል። በመንገድዎ ላይ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ጣቢያዎች በካርታው ላይ ምልክት አድርገው የስልክ ቁጥራቸውን በዚያው ማስታወሻ ላይ ይጻፉና፣ ከሐዋሳ ሲመለሱ ከመነሣትዎ በፊት ይደውሉላቸው።